የመጀመሪያው ይበቃል

በኮቦል ወይም በአርፒጂ የተጻፈ አሮጌ ፕሮግራም ተረክበው ከፋይል ውስጥ መዝገብ ፈልገው እንዲያወጡ ከታዘዙ፣ ሥራውን ለማበላሸት ብዙ ዕውቀት አይጠየቁም። ለአንድ ቁልፍ ከአንድ በላይ መዝገብ አይኖርም ብሎ ማመን ብቻ ይበቃል። ለዚህ እምነት እንደ ኮኪት የሚመች ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ከገንደ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የሰሊጥ አገር ናት፤ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የጉልበት ሠራተኛ ወደ ቆላው ይጎርፋል። እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም እንጂ በቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። አንድ ባለ እርሻ የሠራተኞቹን ዝርዝር በኮምፒውተር ቢያስይዝና ሦስት አበበ ከበደ ቢሰለፉ ማን ይገረማል? እንግዲያውስ ቁልፉን ስምና የአባት ስም ያድርጉትና ሥራ ይጀምሩ።

በአርፒጂ ቼይን የሚባለው ትእዛዝ ቁልፉን ይዞ ይሄድና የመጀመሪያውን መዝገብ ያመጣል፤ «ተገኝቷል» ይላል። ከኋላው ሌሎች ሁለት መቆማቸውን አይነግርዎትም፣ እርስዎም አይጠይቁት። ጥንቁቅ ሰው በሴትኤልኤል ከመጀመሪያው መዝገብ ፊት ይቆምና፣ በሪድኢ አንድ በአንድ እያነበበ ቁልፉ እስኪለወጥ ድረስ ይቀጥላል። ይህ ጥቂት መስመር ስለሚፈጅ ይተዉት። ሁሉንም ማንበብ ግድ ከሆነ ቼይንን ራሱን ደጋግመው ይጥሩት፤ ያንኑ የመጀመሪያ ሰው እየመላለሰ ያቀርብልዎታል፣ መብራት እስኪጠፋም አይደክመውም። ሁለቱን ማደባለቅም ያዋጣል፦ ከቼይን በኋላ የሚመጣ ሪድኢ ንባቡን ከሁለተኛው መዝገብ ስለሚጀምር፣ ደመወዝ የሚሰላው ከሪድኢ በኋላ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው አበበ ባዶ እጁን ይሄዳል። ኮቦል ግን ትንሽ ወሬኛ ነው። መደጋገም በተፈቀደለት ተለዋጭ ቁልፍ ሲያነቡ፣ ቀጣዩ መዝገብም ያንኑ ቁልፍ ከያዘ፣ የንባቡን ውጤት የሚገልጸው ኮድ በ00 ፈንታ 02 ይሆናል። ሁለተኛውን አኃዝ አይዩት። ወይም ከ00 ውጭ ያለውን ሁሉ ስህተት ነው ይበሉ፤ ያኔ ሦስት ጊዜ የተመዘገበው ሰው ጭራሽ የለም ይባላል፤ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው።

«የመጀመሪያው» ማን ነው ብሎ መመርመርም አያስፈልግም። በአይቢኤም ኤኤስ/400 ላይ ፋይሉ ሲፈጠር ቀድሞ የገባው ይቅደም ወይም የኋለኛው ይቅደም ተብሎ ካልተወሰነ፣ እኩል ቁልፍ ካላቸው መዛግብት የትኛው እንደሚቀድም ዋስትና የለም። ዛሬ የቀደመው ነገ ሊከተል ይችላል ማለት ነው። ቀድሞ የገባው ይቅደም ተብሎ ከተወሰነ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያገኙት አሮጌውን ነው። ይህ ለሐኪም ቤት መዝገብም ይሠራል፦ የመተማ ቆላ የካላ-አዛር አገር መሆኑን ያስታውሱ፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ በሽታ ከታከመ በኋላም ሊያገረሽ ይችላል፣ በተለይ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ። የታካሚው መዝገብ በእርስዎ ዘዴ ቢፈለግ፣ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው «ታክሞ ድኗል» የሚለው የፊተኛው ገጽ ነው። ያገረሸበት ጊዜና ያኔ የወሰደው መድኃኒት ከስር ተቀምጠዋል። ማንም አልሰረዛቸውም፤ ያነበባቸው የለም እንጂ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የአያት ስም ይጨመር የሚል አይጠፋም። ይጨመር፤ ሞክሼው ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። ደግሞም አንዱ ጸሐፊ «ኃይለ ሥላሴ»፣ ሌላው «ሀይለስላሴ» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ እነዚህ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ በዚያ በኩል የጠፋው ውዥንብር በዚህ በኩል ይመለሳል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፣ ለእያንዳንዱ ሰው 12 አኃዝ ያለው የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ታዲያ ሞክሼ ከየት ይመጣል? ሦስቱን አበበዎች በእርግጥ ይለያያቸዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ተስፋ ግን አይቁረጡ። አንዱ አበበ አሥር ቀን ካጨደ በዚያው ቁጥር አሥር የሥራ መዝገብ ይኖረዋል፣ እነዚህም እንደገና እኩል ቁልፍ ያላቸው መዛግብት ናቸው። መደጋገሙ በሽታ አይደለም፤ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። የእርስዎ ቼይን ግን ከአሥሩ አንዱን አንስቶ ይቆማል፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን። ጽዳት የሚወድ አለቃ ካለዎት ደግሞ ዘጠኙን «ተደጋጋሚ ናቸው» ብለው ያጥፉለት፤ ኦዲተር ቢመጣም የአበበ ሒሳብና መዝገቡ ልክ እኩል ሆነው ያገኛቸዋል።