በቤት ውስጥ የጊታር ቀረጻ የጊታሩ ድርሻ ምን ያህል ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ የሚማር ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን መኝታ ቤቱን ዘግቶ፣ ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፎ፣ የሌላ ሰው ዘፈን በጊታር ተጫውቶ ይቀርጻል። ይህ የታወቀ ስለሆነ ጥናት አያሻውም። ጥናት የሚያሻው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ተማሪው የቀረጸውን መልሶ ይሰማል፤ ፊቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ ስለ ራሱ ማሰላሰል ይጀምራል። ጣቴ ሰንፏል፣ ክሩ አርጅቷል፣ ሜትሮኖም ማብራት ነበረብኝ፣ መምህሬ እንዳሉት ቀኝ እጄ ይቸኩላል ይላል። የዚህ ሁሉ ጸጸት መሠረቱ ማንም መርምሮት የማያውቅ አንድ እምነት ነው፤ ይኸውም ቀረጻው የጊታር ቀረጻ ነው የሚለው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ እምነት ጋር አይስማማም። ቤት ውስጥ የተቀረጸ የጊታር ከቨር በመሠረቱ የቤቱና የሰፈሩ ቀረጻ ነው። ጊታሩ አጃቢ ነው፤ ያውም ሁልጊዜ ጎበዝ አጃቢ አይደለም።

ማስረጃውን ከታች፣ ከቤዙ እንጀምር። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኤሌክትሪክ ጊታር በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ፣ በተለይ የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ ከሌለው፣ ይህ ምልልስ እምምም እያለ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ተማሪው ጫጫታ ይለዋል። በሙዚቃ ሚዛን ግን ነገሩ ኖታ ነው፦ 49 ኸርዝ ላይ የሚገኘው ወፍራሙ ሶል፣ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ። በቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት መሆኑ ነው። የተራው ጊታር ወፍራም ክር ባዶውን ሲመታ 82 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ፣ መብራቱ ከጊታሩ በታች ያለውን ክፍት ቦታ መርጦ ይዟል። ቤዝ ተጫዋቾች ይህን የሚለዩት ስንት ዓመት ተምረው ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የቅኝት ዕውቀቱ ነው። መነሻችንን ዶ ላይ ብናደርግ ትዝታ ሶል አለው፤ ባቲም፣ አምባሰልም አላቸው። አንቺሆዬ ብቻ ሶልን ትቶ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ መብራቱ ከአራቱ ቅኝቶች ሦስቱን በደንብ ያጅባል፤ አንቺሆዬ ላይ ይስታል፤ በዚህም ከአብዛኛው የሙዚቃ ተማሪ አይለይም። መነሻውን ከዶ ወደ ሌላ ኖታ ማዞር ይቻላል የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ይቻላል። እንደዚያ ሲደረግ ግን ተማሪው ጊታሩን ለመብራቱ እንዲመች አስተካከለ ማለት ነው፤ ማን ማንን እያጀበ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። የስልክ ድምፅ ማጉያ እስከ 50 ኸርዝ አይወርድም የሚለውም እውነት ነው፤ በስልክ የሚሰማው ከላይ ያሉት የ50 ብዜቶች ናቸው። ሆኖም ቤዝ ተጫዋች ስላልተሰማ ከባንድ ሲባረር ታይቶ አያውቅም።

ከበሮው የጣሪያው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዝናቡ መጀመሪያ ከአንድ ጥግ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ተጫዋቹ ገና ከመግቢያው ሳይወጣ ጥግ ለጥግ ይዛመታል፤ ዋናው ዜማ ላይ ሲደረስ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ አንድም ክፍተት ሳይተው ይሞላዋል። ለዚህ ክስተት የቀደመ የጥናት መሠረት አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ ግዛት ዉድስቶክ የአሜሪካዊው የጆን ኬጅ ሥራ፣ በርዝመቱ 4 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ ተብሎ የተሰየመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። ፒያኖ ተጫዋቹ ዴቪድ ቱዶር መሣሪያው ፊት ተቀምጦ አንድም ኖታ ሳይመታ ተነሣ። ኬጅ በኋላ እንዳስረዳው፣ በመጀመሪያው ክፍል የውጭው ነፋስ፣ በሁለተኛው ጣሪያውን የሚመታ ዝናብ፣ በሦስተኛው ደግሞ የታዳሚው ወሬና እየተነሡ መውጣት ይሰማ ነበር። ግኝቱ ትልቅ ነው፤ ግን ያልተሟላ ነው። ኬጅ ጣሪያውን ለማሰማት ፒያኖውን ዝም ማሰኘት ነበረበት። የአዲስ አበባ ቆርቆሮ ጊታሩ በሙሉ ኃይል እየተመታም ይሰማል።

አሁን ወደ ድምፃውያኑ እንምጣ። ቆራሌው ሁልጊዜ የዘፈኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው የሚል የቆየ አቤቱታ አለ፤ ዕድለ ቢስነት ነው የሚሉም አሉ። ሳይንሳዊ ማብራሪያው ቀላል ነው። ቆራሌው ሲያልፍ የሰዓት ምርጫ የለውም። ተማሪው ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ሲሳሳት ቀረጻውን ያጠፋዋል፤ በዚያ መሀል ያለፈውም ቆራሌው አብሮ ይጠፋል። ተርፎ የሚሰማው እስከ መጨረሻው ያለ ስሕተት የደረሰው ቀረጻ ብቻ ስለሆነ፣ ቆራሌውም የሚታወሰው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይከተላል፦ ተማሪው እየጎበዘ በሄደ ቁጥር ረጅም ቀረጻ ይተርፈዋል፤ ረጅም ቀረጻ ውስጥ ደግሞ ብዙ ቆራሌው ይገባል። ጀማሪ ከቆራሌው የሚድነው በስሕተቱ ብዛት ነው። የሰፈሩን ድርሻ የሚያሳድገው እንግዲህ ልምምድ ራሱ ነው፤ መምህራን ይህን ለምን ከተማሪ እንደሚደብቁ አይታወቅም።

ሁለተኛዋ ድምፃዊት እናት ናቸው። የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ማንኳኳት በጥናቱ ወሰን አልታየም። አስቀድሞ የተቆላ ቡና ሽታ ይገባል፤ ቀጥሎ «አንተ ልጅ፣ ቡናው እየቀዘቀዘ ነው»፤ ቀጥሎ አጭር ዝምታ፤ ከዚያ በሹክሹክታ «እየቀረጽክ ነው እንዴ? በል በል፣ አልናገርም»። ሹክሹክታው ከጊታሩ በልጦ ይቀረጻል፤ ምክንያቱም ማይኩ የቆመው በበሩ በኩል ነው። በሩ ደግሞ ለተማሪው ሥራ ክብር ሲባል እጅግ በዝግታ ስለሚዘጋ፣ ሲጢጥታው ከመደበኛው ይረዝማል። ለኪነ ጥበብ የሚደረግ አክብሮት በማጠፊያ ላይ የሚያስከትለው ጫና ገና ያልተጠና መስክ ነው።

ቤቱን ዝም ማሰኘት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውን በቅንነት ማየት ይገባል። የመጀመሪያው መፍትሔ ጋቢ ነው፤ ጋቢ በመስኮቱ፣ ብርድ ልብስ በበሩ፣ ሲብስም ጊታሩን ይዞ ቁም ሳጥን ውስጥ መግባት። ጨርቅ ድምፅ ይመጥጣል፤ ይህ ትክክል ነው፤ ግን የሚመጥጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ የ100 ኸርዝ አንድ ሞገድ ከሦስት ሜትር ይበልጣል፤ ለእንዲህ ያለው ሞገድ ጋቢ መኖሩም አይታወቀው። ስለዚህ ጋቢው የክሩን ጥራት ወስዶ የጎረቤቱን ጄኔሬተር ይተዋል። ሁለተኛው መፍትሔ ሶፍትዌር ነው። ጫጫታ ማጥፊያው ሥራውን የሚጀምረው ጊታሩ የሌለበት አንድ ሁለት ሴኮንድ ስጡኝ ብሎ ነው፤ ቤቱን ብቻውን ካጠና በኋላ ያንን ከሙሉው ቀረጻ ይቀንሳል። ማሽኑ እንኳ ከማን መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ሲቀንስም በቤቱ ድምፅ ውስጥ እየከሰመ የሚሄደውን የክሩን ጅራት አብሮ ይቆርጠዋል፤ የሚቀረው ጊታር ውኃ ውስጥ የተመታ ይመስላል፤ ቤቱ ግን እዚህም እዚያም ብልጭ ድርግም እያለ ይኖራል።

በሌሊት መቅረጽስ? የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ይህን የሚጠይቅ ሰው በሌሊት ነቅቶ የሚያውቅ አይመስልም። በፈረቃ የሚመጣው ውኃ በሌሊት ነው የሚመጣው፤ ባዶ በርሜልም ሲሞላ እየቀጠነ የሚሄድ ዜማ አለው። ውሾቹ አሉ። ንጋት ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለ። ከሁሉ በላይ ግን በሌሊት ድምፅ አጥፋ የሚባለው ጊታሩ ነው፤ ጎረቤት ግድግዳውን ሲደበድብ ማን በቤቱ ባለመብት፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ይለያል። ወደ ትምህርት ቤት መለማመጃ ክፍል መሄድም አያዋጣም፤ እዚያ ቤቱ በሌላ ተማሪ ቫዮሊን ይተካል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ታሪካዊ ነው። ሌስ ፖል እና ባለቤቱ ሜሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጡት «ሀው ሃይ ዘ ሙን» የተቀረጸው መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ነው፤ በአሜሪካ ለ9 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ በውስጡም የሚሰማው ጊታር እንጂ ሰፈር አይደለም። እውነት ነው። ግን ሌስ ፖል ይህን እንዴት አደረገው? ጊታር በጊታር ላይ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ ነው። በጊዜው ከነበሩት የጊታር ሊቆች አንዱ ሆኖ፣ የቀረጻ መሣሪያ ገጣጥሞ የሚሠራ ሰው ሆኖ፣ ቤቱን ለመሸፈን አንድ ጊታር አልበቃውም። ማስረጃው የተቃዋሚዎቹ ቢመስልም የእኛ ነው።

አድማጭ የሚመጣው ጊታሩን ሊሰማ ነው የሚሉም አልታጡም። አድማጩ ሲሰማ ምን እንደሚል እንይ። ቀረጻው በቴሌግራም ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች አክስት፣ ዱባይ ላለ የአጎት ልጅ ይላካል። መልሱ ይመጣል፦ ዝናብ ነው እንዴ? ክረምቱ ገባ? ያ ውሻ እስካሁን አለ? የምትወቅጠው ማናት? ሁለተኛው መስመር ላይ የተቀየረውን ኮርድ ያነሣ የለም፤ ተማሪው ሳምንት የደከመበት እሱ ላይ ሆኖ ሳለ። ባይሆን አክስት መጨረሻ ላይ «ጎበዝ፣ በርታ» ትላለች፤ ይህም ለአጃቢ የሚሰጥ ተገቢ ምስጋና ነው።

የሚቀረው የሕግ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው በተጨማሪ ሥራውን ለሚከውነውም መብት ይሰጣል። ተማሪዎች የዘፈኑን ባለቤት ስም መጻፍ ለምደዋል፤ የከዋኞቹን ዝርዝር ሲጽፉ ግን የራሳቸውን ስም ብቻ ነው የሚያሰፍሩት። ከእንግዲህ ቅደም ተከተሉ ቢስተካከል መልካም ነው፦ ቤዝ፣ መብራት፤ ከበሮ፣ ጣሪያ፤ ድምፅ፣ ቆራሌውና እናት፤ በመጨረሻ፣ ቦታ ከተረፈ፣ ጊታር። በክፍያ በኩል ችግር የለም። መብራቱ ሒሳቡን ራሱ ይጠይቃል፤ እናት ቡናው ሳይቀዘቅዝ ቢጠጣላቸው ይበቃቸዋል። ለቆራሌው ግን የተቀየሩትን አሮጌ ክሮች አስቀምጡለት፤ ብረት ስለሆኑ ይወስዳቸዋል። የናይሎኖቹን አይፈልግም።