ውዳሴ መጠይቅ

ሚያዝያ ሲጋመስ፣ በደብረ ብርሃን በአንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ፋይል በብብቱ ሸጉጦ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ የሚንቆራጠጥ ወጣት ካያችሁ ሥራ ፈላጊ እንዳይመስላችሁ። ተመራማሪ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ተመራቂ ሲሆን ሳይንስን አንድ እርምጃ ወደፊት ሊያስኬዳት ደጅ እየጠና ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይቺን መጠይቅ ይሞሉልኛል?»

«ስለ ምንድን ነች?»

«ስለ ኮሙኒኬቲቭ ላንጉጅ ቲቺንግ።»

«እሷንማ ባለፈው ሳምንት ሞላሁ።»

«የእኔ የመምህራን አመለካከትና ትግበራ ላይ ነው።»

«እሱንም ሞልቻለሁ። በል ግድ የለም፣ አስቀምጣት። ሻይ ስጠጣ አያታለሁ።»

መምህሩ ቃላቸውን አያጥፉም። አርባውን ጥያቄ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሱታል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ሻይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ተማሪዎቼን በጥንድና በቡድን አወያያለሁ።» ሁልጊዜ። «ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ መርጃ መሣሪያ አዘጋጃለሁ።» ሁልጊዜ። «ለእያንዳንዱ ተማሪ ግብረ መልስ እሰጣለሁ።» እዚህ ላይ እስክሪብቷቸው ትንሽ ያመነታል። አሁን የወጡበት ክፍል ውስጥ ልጆቹ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተቀመጡት፤ ስንት እንደሆኑ ለመቁጠርም አይመቹም። ስለዚህ «ብዙ ጊዜ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ይህች የአንድ አፍታ ትሕትና ናት ኋላ በአራተኛው ምዕራፍ «ጉልህ ልዩነት» ተብላ ሠንጠረዥ የሚሠራላት።

እኔ ይህን ሥርዓት ከሚያብጠለጥሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ሰላማዊ ሥራ በአገራችን ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ማንንም አያስቀይም፣ ማንንም አያስደነግጥም፣ ከሁሉም በላይ ምንም ነገር አይገኝበትም። አዲስ ነገር የተገኘበት ጥናት ጣጣው ብዙ ነው። ማስረዳት ይጠይቃል፣ የሚከራከር ይመጣል፣ ይባስ ብሎም የሚያነበው ሰው ሊፈጠር ይችላል።

ርዕሱን እንውሰድ። የእንግሊዝኛ መመረቂያ ርዕስ እንደ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው፤ ቁመትና ወርዱ ተቆርጦ ያለቀ፣ የሚለወጠው ቀለሙ ብቻ። ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር፣ ማዳመጥ፣ ሰዋስው፣ ቃላት። ከእነዚህ አንዱ ይመረጥና ከፊቱ «የመምህራን አመለካከትና ትግበራ» ወይም «ተግዳሮቶች» ይለጠፍበታል፣ ከኋላው ደግሞ «በእገሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ተተኳሪነት»። ስድስቱን ዘርፎች በሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ቁጥር አባዙ፣ ያንን በክፍል ደረጃዎች አባዙ። ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ርዕስ አለን። ዘመኑ አዲስ ነገር ይዞ ሲመጣም የርዕስ ማሽኑ አይቸገርም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ክፍል ውስጥ ሲገባ «የፕላዝማ ትምህርት ተግዳሮቶች» ተጻፈ፤ ቆየት ብሎ «አንድ ለአምስት» የተባለው የተማሪዎች አደረጃጀት ሲመጣ «የአንድ ለአምስት ተግዳሮቶች»። ፕላዝማው ጸጥ አለ፣ አንድ ለአምስቱም ተበተነ፣ ተግዳሮቶቹ ግን እግዜር ይመስገን አሉ።

መግቢያው «እንግሊዝኛ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ነው» ብሎ ይጀምራል። የካደ አልነበረም፤ ቢሆንም አይታወቅምና አስቀድሞ መርታት ደግ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ከወንድም ጽሑፍ የሚወረስ ነው። ብቻ ወራሹ የቦታ ስሞቹን በኮምፒውተር ሲቀያይር አንዷን እንዳይስት መጠንቀቅ አለበት፤ አለዚያ ስለ መንዝ ብርድ ሲተርክ ቆይቶ ድንገት የአርባ ምንጭ ሙቀት የተማሪዎቹን ትኩረት እንደሚበትን ሊተነትን ይችላል። የጥናቱ ቦታ የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ «ተመራማሪው አካባቢውን ስለሚያውቀው» ነው። ሲፈታ፣ አክስቱ እዚያ ነች፣ አልጋና እራት አይከፍልም። ምሁራዊ ስምም ወጥቶለታል፤ አመቺ ናሙና ይባላል።

ምልከታ የሚባለውም ሥርዓት የራሱ ውበት አለው። መምህሩ ሰው እንደሚመጣባቸው ከሦስት ቀን በፊት ተነግሯቸዋል። ዴስኮቹ ተዟዙረዋል፣ ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተዋል፣ ሰሌዳው ላይ «ግሩፕ ወርክ» ተጽፏል። የኋላው ልጅ ጓደኛውን «ዛሬ ምን ተገኘ?» እያለ በአማርኛ ያንሾካሹካል። ተመልካቹም ቅጹ ላይ «ተማሪዎች ሐሳብ ይለዋወጣሉ» ከሚለው አጠገብ ምልክት ያደርጋል። ውሸት አልጻፈም።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ የክረምቱ ተማሪ ነው። መንዝ ወይም ምንጃር ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው፣ ሐምሌ ሲገባ ሻንጣውን ይዞ ለሁለተኛ ዲግሪው ይመጣል። ልጁ የትኛው ፊደል ላይ እንደሚደናቀፍ፣ ለምን 9ኛ ክፍል ገብቶ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ሲሰማ ዝም እንደሚል፣ የትኛውን ምዕራፍ አስተማሪ ሁሉ ዘሎ እንደሚያልፍ ያውቃል። ይህን ሁሉ ቢጽፈው ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ያነበው ነበር። አይፈቀድለትም። የራሱ እውቀት «የግል አስተያየት» ነው። ሳይንስ የሚሆነው ሌላ መምህር ዘንድ ሄዶ፣ እሱ ራሱ የሚያውቀውን ጥያቄ አቅርቦ፣ ያ መምህር ሻይ እየጠጣ «እስማማለሁ» ሲለው ነው። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ጠረጴዛ ላይ ስለ ክፍላቸው እውነቱን ሲጫወቱ ቢያመሹም ጨዋታው አይመዘገብም፤ ሳጥን የለውማ።

አንዳንዴ ደግሞ የሚፈተን ልጅ ብቅ ይላል። ቅዳሜ ማለዳ መኪና ይሳፈርና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አንኮበር ይወርዳል። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን ሲያይ ያልተገባ ሐሳብ ይመጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1839 ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን፣ ኢዘንበርግና ክራፕፍ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ እዚህ መጥተዋል። ኢዘንበርግ ብዙም ሳይቆይ ሄዶ በ1841 ለንደን ላይ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በዓመቱ ሰዋስው አስከተለ። በዚያው በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መንግሥት ወክሎ መጥቶ ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ፤ ወደ አገሩ ተመልሶም ስለ ሸዋ ሦስት ቅጽ የሚሞላ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። ታዲያ ልጁ ጉጉት ያድርበታል። በንጉሡና በካፒቴኑ መካከል ቃሉን ማን አመላለሰው? በእንግሊዝኛው የተጻፈውና በአማርኛው የተባለው ይገናኛሉ? ሃሪስ በዚያ ባጌጠ እንግሊዝኛው ሸዋን እንዴት አድርጎ ሣላት?

አማካሪው ዘንድ ሲመለስ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

«ናሙናህ ስንት ነው?»

«አንድ መጽሐፍ ነው፣ ዶክተር። ባለ ሦስት ቅጽ።»

«መጠይቁን ማን ይሞላልሃል?»

እውነት ነው። ካፒቴን ሃሪስ አይሞላም። ሣህለ ሥላሴም «በጣም እስማማለሁ» ብለው የሚመልሱ ንጉሥ አልነበሩም።

ግትር ከሆነ ሌላ ይሞክራል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመው «ራስላስ» ሸለቆ ውስጥ ስለተዘጋበት የአቢሲኒያ መስፍን የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ሃሪስ ደግሞ የሸዋ ነገሥታት ዘመዶቻቸውን ስላሰሩበት፣ ከአንኮበር ብዙ ስለማይርቀው ጎንጮ፣ ስለ እስረኞቹም መፈታት ይተርካል። ለንደን ተቀምጦ የተፈጠረው ምናብና ጎንጮ ላይ የነበረው እስር ቤት ምንና ምን ናቸው? ይባስ ብሎ «ራስላስ»ን ወደ አማርኛ የመለሰው የመርሐቤቴው ተወላጅ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ነው። ዙሪያው ሁሉ ሰሜን ሸዋ! እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ተማሪ በጊዜ ካልተመከረ ማንበብ ሊጀምር ይችላል።

ማንበብ ደግሞ ተዛማች ነው። ከጣርማበር ዋሻ ባሻገር ደብረ ሲና ላይ የተወለደው ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በአማርኛ ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ያሳተመው ሃይነማን ነው፣ ቺኑዋ አቼቤን ባወጣበት ተከታታይ ውስጥ። ታሪኩ ወደ ዝቋላ በሸክም ስለሚወሰድ አንድ በሽተኛ ፊታውራሪ ነው። የሰሜን ሸዋ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ምን እንደሚሆን፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛው ብቅ እንደሚል፣ የትኛው ውስጥ እንደሚደበቅ ማየት የፈለገ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ ክረምቱን ይከርማል። ግን ምን ዋጋ አለው? ደራሲው አርፏል። ፊታውራሪውም የ9ኛ ክፍል ተማሪ አይደለም። «ችግሩ ምንድን ነው፣ ተግዳሮቱስ የታለ?» ቢባል ልጁ ምን ይመልሳል?

የሥነ ልሳኑ ፈተና ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ በሕይወት ያለ ሰው አለበትና። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለች፤ ነጋዴና ግመል ይተራመስባት የነበረች፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 የተቀመጠባት የአርጎባ ከተማ። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው አርጎብኛ በብዙ መንደር ለአማርኛና ለኦሮምኛ ቦታውን እየለቀቀ ነው። የሚቀዳ ተረት፣ የሚጠየቅ የግስ እርባታ፣ ያልተለቀመ ቃል ካለ የሚገኘው አዛውንቶቹ ዘንድ ነው። ችግሩ አዛውንቷ በአምስት ሳጥን አይመልሱም። ስለ ቀሪ ቃል ስትጠይቃቸው ስለ ጨው ነጋዴ ይነግሩሃል፣ ከዚያ ስለ ሠርግ፣ ከዚያ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ ይመሻል። ይህን ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ አስገባ ቢሉት የትኛው ዓምድ ይችለዋል? መጠይቁን እቤት ድረስ ወስዶ የሚሞላ 9ኛ ክፍል እያለ ቆላ መውረድ ለጉልበትም ለውጤትም አይበጅም።

ይህን ሁሉ ስል ልጁን ለመኮነን አይደለም፤ እሱ ከነገሩ ሁሉ ንጹሕ ነው። የተሰጠው አንድ ወሰነ ትምህርት ነው፣ ኪሱ ውስጥ ያለው የፎቶ ኮፒ ብር ነው። አማካሪውም ሌላ አሥር እንደሱ ያለ ተሰልፎ በሩ ላይ ስለሚጠብቀው ረቂቁን የሚያየው ቆሞ ነው። ስለዚህ የሚታየውን ያያል። ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠን 12፣ የኅዳጉ ስፋት፣ የማጣቀሻው ነጠላ ሰረዝ። ስለ ነገሩ ለመጠየቅ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ስለ ነጠላ ሰረዝ ለመጠየቅ ቀይ እስክሪብቶ ይበቃል። በዚህ ደረጃ የሚጠበቀው ትልቁ የአእምሮ ሥራ የግስ ጊዜ መቀየር ነው። በፕሮፖዛሉ «ይደረጋል» የነበረው ሁሉ በመመረቂያው «ተደርጓል» ይሆናል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ባለፉት ወራት በእርግጥ የተከሰተ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

የመመረቂያ ጽሑፎቹ መደርደሪያ በዚህ ሁኔታ እየሞላ ሲሄድ፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማሩ ልጆች ናቸው። በመደርደሪያውና በፈተናው መካከል ግንኙነት አለ ብሎ መጠርጠር ግን ኢሳይንሳዊ ነው። መጀመሪያ መጠይቅ ይበተን።

ከዚያ ዲፌንስ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፣ ለስላሳና ብስኩት ተደርድሯል፤ ልጁ ከማን እንደተዋሰው የማይታወቅ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ሃያ ስላይድ በአሥራ አምስት ደቂቃ ያነባል። አንደኛው ፈታኝ የገጽ ቁጥሩ ከማውጫው ጋር እንደማይገጥም ያነሣል፣ ሁለተኛው «ኢት አል» ከሚለው በኋላ ነጥብ እንደጎደለ። «እናመሰግናለን፣ ገንቢ አስተያየት ነው» ይላል ልጁ። ጥናቱ ምን እንዳገኘ የሚጠይቅ ባለጌ ቤቱ ውስጥ የለም። በጥቃቅን እርማት ያልፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ጥቁሩ ሽፋን በወርቃማ ፊደል ይታተማል።

የመጨረሻው ገጽ የምክረ ሐሳቡ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በቂ መርጃ መሣሪያ ያቅርብ ይላል፤ ሚኒስቴሩ አላነበበውም። የዞኑ ትምህርት መምሪያ ለመምህራን ሥልጠና ይስጥ ይላል፤ መምሪያው ቅጂ አልደረሰውም። ርዕሰ መምህሩ የክፍል ጥበቱን ይፍታ ይላል፤ እሳቸው ይህን ሲያነቡ ቢስቁ አይፈረድባቸውም። አምስተኛው ተራ ላይ ግን «ሌሎች ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ጥናት ቢያካሂዱ» የሚል አለ። እሱ ብቻ በየዓመቱ ሳይሸራረፍ ይፈጸማል።