ግማሽ ማራቶንን ከነትዳሩ ማበላሻ መንገድ

ለማንም ሳትናገር ተመዝገብ። ሕፃኑ ገና የሁለት ወር ልጅ ነው፤ አንገቱ አልጸናም፤ እናቱ ሌሊቱን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ እየተነሣች ታጠባለች። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችህ ለሐዋሳው ግማሽ ማራቶን ስም ሲሰበስቡ አንተም ስምህን አስገባ፣ ክፍያውን በስልክህ ፈጽም፣ ቤት ስትገባ ዝም በል። ከሳምንት በኋላ ሚስትህ ከሌላ ሰው ስትሰማ «ገና ብዙ ጊዜ አለው እኮ» በላት።

እንዲህ ያለ ምክር በአፉ የሚሰጥ ሰው አላውቅም። በተግባር ግን አራስ ባለበት ብዙ ቤት ውስጥ የሚሠራበት ይኸው ነው። ስለዚህ ስህተቱን እንደ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ እጽፈዋለሁ፤ እያንዳንዱ ማንን እንደሚጎዳም አብሬ እናገራለሁ። ሩጫን የምጠላ አይደለሁም። ልጅ የወለደ ሰው ቢሮጥ ጭንቀቱ ይቀልለታል፣ እንቅልፉ ይጣፍጠዋል፣ ቤቱም ከደስታው ይካፈላል። የምጠላው፣ ሯጩ የሚሮጥበት ሰዓት ከማን እንደተወሰደ አለመጠየቁን ነው።

ሰዓቱን አትቁጠር። ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው፤ አንተ የምታስበው የውድድሩን ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ይሁን። ልምምዱን ግን ወረቀት ላይ ብታወርደው ሌላ ነገር ታያለህ። በሳምንት ሁለት ቀን 5፣ አንድ ቀን 8፣ እሑድ 16 ኪሎ ሜትር ብትሮጥ ድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ተኩል ለሚሄድ ሰው ይህ 3 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው። እንጦጦ ወይም ሰንዳፋ ድረስ መሄጃና መመለሻውን፣ ማሟሟቂያውን፣ ሻወሩን፣ ከዚያ በኋላ ጋደም የምትልባትን ስትጨምርበት እጥፍ ይሞላል። ይህንን ሰዓት የሚሸፍነው ሌላ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ እሷ ናት፤ አንዳንዴ እናትህ ወይም እናቷ፣ አንዳንዴም የቤት ሠራተኛዋ።

እዚህ ላይ ሕጉም ያላገዘን ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ታገኛለች። አባት የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ቢሮው ይመለሳል፤ ሲወጣ ልጁ ተኝቷል፣ ሲገባም ተኝቷል። ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያይበት ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሆናል። የግማሽ ማራቶን ልምምድ ደግሞ የሚበላው በትክክል ይህችኑ እሑድ ነው። ስለዚህ ነገሩ የእግር ብቻ አይደለም፤ አባትና ልጅ የሚተዋወቁበት ጊዜ ነው።

እሑዷን በሚገባ ለማበላሸት እንዲህ አድርግ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማንቂያህ በሙሉ ድምፁ ይጩህ። እሷ ልጁን አስተኝታ ጋደም ካለች ግማሽ ሰዓቷ ነው። ማሊያህ የት እንዳለ ከአልጋው ራስጌ ቆመህ ጠይቃት። መብራቱን አብራ። ልጁ ሲነቃ ቀስ ብለህ በሩን ዝጋና ውጣ። ሰንዳፋ ሄደህ ሩጥ፣ ከጓደኞችህ ጋር ማኪያቶ ጠጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስ። እሷ በአንድ እጇ ልጁን ትከሻዋ ላይ ደግፋ በሌላው ሽሮ ታማስላለች። ጀርባዋ ላይ የቀረሸባት ወተት ደርቋል። ፊቷን አልታጠበችም። አንተ ጫማህን እየፈታህ «ሞቼልሻለሁ፤ የሚበላ ነገር አለ?» በል። በልተህ ተኛ።

ይህንን ያየ ሰው ትዳሩን ያፈረሰው ሩጫው ነው ይላል። እኔ ግን የምለው፣ ያፈረሰው ከሩጫው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ያው ሰው ልብሱንና ጫማውን ማታውኑ ሳሎን አዘጋጅቶ፣ ስልኩን በንዝረት አድርጎ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቢመለስና «ስጪኝ፤ እስከ ሰባት ሰዓት ተኚ፤ ስልክሽንም አጥፊው» ቢላት ያችው እሑድ ሌላ እሑድ ናት። የወሰደውን መለሰ ማለት ነው። መመለስ ሲባል ደግሞ ልጁን ይዞ አጠገቧ መቀመጥ አይደለም። ይዞ መውጣት፣ ዳይፐር መቀየር፣ ታልቦ የተቀመጠ ወተት ካለም ማጥባት ነው።

እንቅልፍ አይቆጠር። ሦስት ጊዜ ተነሥተህ ባደርክበት ሌሊት ማግስት ፕሮግራሙ ላይ ፈጣን ሩጫ ተጽፏልና ሩጥ። የጎደለውን ኪሎ ሜትርም በሚቀጥለው ሳምንት ደርበህ ክፈል። ከዚያ የቅልጥም ሕመም፣ የጉልበት ሕመም ይመጣል። ሰውነት የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሥልጠናው የሚያተርፈው ያንሳል፣ ጉዳቱ ግን ይጨምራል። ሕፃን ያለበት ቤት የሥልጠና ፕሮግራም መሰረዝ የሚቻል ቀን ሊኖረው ይገባል፤ የተሰረዘውም ቀን ተሰርዞ ይቅር።

እስካሁን ለአባት ነበር። እናት ሆነሽ ራስሽን ለመጉዳት ከፈለግሽም መንገዱ አጭር ነው። ከአራስ ቤት እንደወጣሽ፣ ክርስትናው እንዳለፈ፣ ሆድሽን ለማጥፋት ብለሽ ሩጫ ጀምሪ። ሽንት ሲያመልጥሽ «የወለደ ሁሉ ያመልጠዋል» በሚለው ተጽናኚ። ይህ አባባል ብዙ እኅቶቼን ዓመታት አስከፍሏቸዋልና በቁም ነገር ልቃወመው። ሽንት ማምለጥ፣ ከማሕፀን በታች የመክበድ ወይም ወደታች የመጎተት ስሜት፣ ተመልሶ የሚመጣ ደም፣ እነዚህ ሁሉ አቁሚና ሐኪም ጋ ሂጂ የሚሉ ምልክቶች ናቸው። የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ዘጠኝ ወር ተሸክመው፣ በወሊድ ተለጥጠው ገና እያገገሙ ነው። ባለሙያዎቹ ሩጫ ከወሊድ በኋላ ከሦስት ወር በፊት ባይጀመር ይላሉ፤ ያውም መጀመሪያ በእርምጃ፣ ጡንቻዎቹን በማጠንከር፣ ከዚያ በሶምሶማ። በኦፕሬሽን የወለደች ደግሞ ሐኪሟ ሳያያት አትሩጥ። እናቶቻችን አርባና ሰማንያ ቀን አስተኝተው አጥሚትና ገንፎ ሲመግቡ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው።

ጡት የምታጠባ እናት ብትሮጥ ወተቷ አይበላሽም። መካከለኛ ሩጫ የወተቱን መጠንም ሆነ የልጁን ዕድገት አይጎዳም፤ «ላብ የገባበት ወተት» የሚባለው ፍርሃት መሠረት የለውም። የሚጎዳው ሳይበሉና ሳይጠጡ መሮጥ ነው። ከመውጣትሽ በፊት አጥቢው፤ ጡትሽም ይቀልልሻል፣ እሱም ጠግቦ ይተኛል። ጠበቅ ያለ የስፖርት ጡት መያዣ ልበሺ። ውኃ ጠጪ። ክብደት ለመቀነስ ብለሽ ምግብ አትቀንሺ፤ ማጥባት ብቻውን በየቀኑ ከወትሮው በላይ መብላትን ይጠይቃል፣ ሩጫውም የራሱን ይጨምርበታል።

ራስህን ወይም ራስሽን ከጀግኖቻችን ጋር ማወዳደርም ጥሩ ማበላሻ ነው። ደራርቱ ቱሉ ልጅ ከወለደች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የ10,000 ሜትር ወርቋን ደገመች፤ በ2009 ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ አገኘች፤ በ2017 ለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። ይህንን አንሥተህ ሚስትህን «እነሱ እንዴት ቻሉ?» ብለህ ጠይቃት። የሚያሳዝነው ጥያቄው ትክክለኛ መልስ ያለው መሆኑ ነው። ሩጫ ሥራቸው ነበር፤ አሠልጣኝ ነበራቸው፤ ሥራቸው እንዲቀጥልም ቤቱ ተደራጅቶላቸው ነበር። ጊዜም ወስደዋል፤ ጥሩነሽ ከወለደች እስከ ሪዮ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ አልፏል። የእነሱ ታሪክ ለባሎች ይነገር ቢባል ትምህርቱ «ቤቱን አደራጅላት» የሚል ነው።

ጊዜ ለመቆጠብ ብለህ ልጁን በአንቀልባ አዝለህ ወይም በጋሪ እየገፋህ ሩጥ። አታድርገው። አንገቱና ወገቡ ያልጸና ሕፃን ንቅናቄውን አይችልም፤ ለሩጫ የተሠራ ጋሪ እንኳ ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ አይመከርም። አዝሎ መሮጥ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ አይሆንም። የእኛ አስፋልትና ኮብልስቶን መቼም ይታወቃል።

የውድድሩ ዕለት ሲደርስ ቤተሰቡን በሙሉ ጭነህ ሐዋሳ ውረድ። ከፍታው ከአዲስ አበባ ስለሚያንስ ትንፋሽህ ይቀልልሃል፤ ፀሐዩ ግን አይምርህም፣ ልጁን ደግሞ ይብስበታል። ሚስትህን ከነልጁ መጨረሻው መስመር አጠገብ፣ ጥላ በሌለበት፣ ድምፅ ማጉያው ሥር አቁማትና በስንት ሰዓት እንደምትደርስ ሳትነግራት ሂድ። ወይም ትክክሉን አድርግ፦ ጥላ ያለበት መቀመጫ ቀድመህ ፈልግ፣ «በኪሎ ሜትር ሰባት ደቂቃ ብሄድ ሁለት ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ከዚያ በፊት አትውጪ» በላት፣ ሆቴል ብትቀርም አትቀየማት። ሜዳልያው አንገትህ ላይ ከሆነ በኋላ መጀመሪያ የምትቀበለው ልጁን ይሁን፤ ፎቶው ይደርሳል።

ሰኞ ጠዋት ጭንህ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ያቅትሃል። ይህንን ምክንያት አድርገህ ሌሊቱን አልነሣም ማለት ትችላለህ፤ ብዙዎች ብለውታል። የመጨረሻው ማበላሻ ግን እዚያው ማታ፣ የጓደኞችህ ሞቅታ ሳይበርድ፣ ለሚቀጥለው ውድድር መመዝገብ ነው። አትመዝገብ። ተራው የእሷ ነው። ሐኪሟ ከፈቀደላት የ5 ኪሎ ሜትሩን የቅድሚያ ለሴቶች ሩጫ ልትመርጥ ትችላለች፤ ወይም ሦስት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ እስከ ረፋድ መተኛትን። የመረጠችውን የልምምድ ፕሮግራምህ የተለጠፈበት የማቀዝቀዣ በር ላይ ራሷ ትጻፈው፤ ልጁን የምትይዝባቸውን ሰዓቶች አንተ ከሥሩ ሙላ።