ጠንካራውን ስጠኝ

እንጅባራ ላይ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ከቤት የወጣ ሰው መድኃኒት ቤት ሳይደርስ ታክሞ ያልቃል። ሊስትሮው «ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ ንከስበት» ይላል። ቡና የምታፈላዋ ቅርንፉድ ታዛለች፤ ከሁሉም የምትሻለው እሷ ናት፣ የቅርንፉድን ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም ያውቁታል። የባጃጁ ሾፌር በአረቄ ተጉመጥመጥ ይላል። ትፋው ግን አይልም።

መድኃኒት ቤት ሲደረስ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጠንካራውን ስጠኝ!» ኪኒን በኛ ዘንድ እንደ እርሻ በሬ በጉልበቱ ይመረጣል። ፓራሲታሞል የተናቀ ነው፣ የልጅ መድኃኒት ይሉታል። (ይኸው የተናቀው፣ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ካለፈ፣ አረቄም ከታከለበት፣ የአዋቂን ጉበት ሊያበላሽ ይችላል።) ዳይክሎፌናክ «ዲክሎ» ተብሎ በቁልምጫ ይጠራል። ትራማዶል የሚጠየቀው በሹክሹክታ ነው።

አጎቴን መንጋጋቸው የያዛቸው በጥር 22 ማታ ነበር። ማግስቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ፈረሱን ሸልሞ የጨረሰ ሰው ደግሞ በጥርስ ምክንያት አይቀርም። ጋደም ሲሉ ደም ወደ ራስ ስለሚያይል ሕመሙ ባሰባቸው። አንድ ዲክሎ ዋጡ። ጥቂት ቆይተው ደገሙ። ሌሊት ላይ አስፕሪን ድዳቸው ላይ ሲያስቀምጡ ደረስኩባቸው።

«አያ፣ ይሄ እኮ አሲድ ነው፣ ድድ ያቃጥላል። ተውጦ ነው የሚሠራው።»

«የታመመው ጥርሴ፣ የምውጠው ወደ ሆዴ! ምን አገናኛቸው?»

ጠዋት ድዳቸው ተልጦ ነጥቷል፣ ግልቢያቸው ግን የጉድ ነበር። ከሰዓት ሆዳቸውን ሲያቃጥላቸው ለሱ ደግሞ አረቄ ወሰዱ። እኔም ያነበብኩትን ነገርኳቸው፦ ሕንድ ውስጥ ዲክሎ የተሰጣቸውን ከብቶች ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ በሚሊዮን አለቁ፤ መንግሥትም በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለከብት ሕክምና እንዳይውል አገደው።

ረጋ ብለው ሰሙኝና «እና አሁን እኔ ጥንብ አንሳ ነኝ?» አሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ዲክሎ ከዚያ ወዲያ ታቦት ሊወጣለት ምንም አልቀረው። ነገሩ ሌላ ነው፦ የበሰበሰ ጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭ ሲታመም ቆይቶ ይሞታል፤ የሞተ ነርቭ አይጮህም፤ ቁስለቱ ግን ድምፁን አጥፍቶ ወደ አጥንቱ ሥር ይወርዳል። ነርቩ በሞተባት ሌሊት የተዋጠው ኪኒን ታዲያ ስሙ ይገናል። ነጭ ሽንኩርት ነክሶ ያደረ ነጭ ሽንኩርትን ያመሰግናል፣ ጠበል የጠጣ ጠበሉን። እኔ ሳስበው ከኮሶበር እስከ ዳንግላ በየመንደሩ ያለው «ፍቱን» ሁሉ ዝናውን ያገኘው እንዲህ ነው። አጎቴም ፍቱናቸውን ይዘው ለቅሶ ቤትም ገበያም ማዘዝ ጀመሩ፤ ለጥርስ፣ ለወገብ፣ ለምች።

ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸው ሲጠብ ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አፋቸውን በባትሪ አይቶ «አባቴ፣ እስካሁን የት ነበሩ?» አላቸው።

«ድኖልኝ ነበር እኮ!»

ጥርሱ ተነቀለ። ጥጥ አስነክሷቸው፣ እንዳይናገሩ አስጠንቅቆ ሸኘን። ስንመለስ ዳንግላ ላይ ወገቧን የያዘች ሴት ተሳፍራ አጠገባችን «እህህ» እያለች ተቀመጠች። አጎቴ ዞረው አዩዋት። መናገር አልቻሉም። እጃቸውን ወደ ኮት ኪሳቸው ሰደዱ፣ የተረፈውን ዲክሎ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩ፣ ከዚያም ሁለት ጣት አሳዩዋት።