«ተወው፣ ብረት ነው»

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ ባሕር ዳር።

እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትዎና ከሮም የቤት ኪራይ በቀር ደህና ነኝ። በዚህ ሰሞን ማዕረግ ጨምሬያለሁ፤ ሽማግሌ ሆኛለሁ። አይሳቁ፣ ሰው ጠፍቶ ነው። እዚህ ለዕርቅ የሚበቁ ትልልቅ ሰዎቻችን የጣልያንን አዛውንት ሲያጥቡና ሲመግቡ ስለሚውሉ፣ ለእኛ ጠብ የሚተርፋቸው ጊዜ የሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ሦስተኛ ሰው ቢቸግራቸው እኔን፣ ጢሜ ገና በቅጡ ያልሞላውን፣ መሃላቸው አስቀመጡኝ።

ጠቡ የቬስፓ ነው። አብረውኝ ከሚኖሩት ልጆች አንዱ፣ ስሙን ልተወውና ባለ ቬስፓው ልበልዎ፣ ያገለገለች ባለ 125 ቬስፓ አለችው። እራቱን ሳይበላ ያድራል እንጂ እሷን ሳይወለውል አያድርም። እርስዎ የሞተር ሰው ስለሆኑ ነገሩ ይገባዎታል። የፒያጆ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን ሲያወጣ ንድፉን የሠራለት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እንደ ሌላው ሞተር በቧንቧ ፍሬም ላይ አካል አላለበሰም፤ ላሜራውን ራሱን ሸክም አስቻለው። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ጣጣው የሚታወቀው የወደቀች ዕለት ነው። ሌላው ሞተር ሲወድቅ ልብሱ ይቀደዳል፣ ቬስፓ ስትወድቅ ግን አጥንቷ ነው።

የጣላት ሌላው የቤታችን ልጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰባሪው እንበለው። ቀኑ አርብ ነበር። የሮም አውቶቡስና ትራም አድማ ሲመታ አርብን ይወዳል፤ ቅዳሜና እሑድን ለማስረዘም ነው የሚል ሐሜት አለ፣ እኔ የለሁበትም። ሰባሪው ከሥራ እንዳይቀር ቬስፓዋን ለመነ፣ ተሰጠው። መንጃ ፈቃዱ የመኪና ነው፤ እዚህ አገር በእሱ 125 መንዳት ስለሚቻል ሕጉ ምንም አላለውም። ዝናቡ ግን አለው። ፖርታ ማጆሬ ከጥንቱ የሮማውያን በር አጠገብ የትራም ሐዲድ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ቦታ ነው። ትራሙ ያን ቀን አድማ ላይ ነው፤ ሐዲዱ ግን ሥራ አልፈታም። የፊት ጎማዋ እርጥቡን ሐዲድ ስትረግጥ ልጁ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ሄዱ።

ልጁ ክርኑ ተልጦ ተረፈ። የእሷ ቀኝ ጎን ተጨረማመተ፣ የፊት ጋሻዋ ጠርዝ ታጠፈ፣ የፍሬን እጀታዋ ተሰበረ፣ ስፖኪዮዋም የት እንደገባ አልታወቀም። «ኢንሹራንስ የላትም እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። አላት። ግዴታ የሆነው ኢንሹራንስ ግን የሚከፍለው በሌላ ወገን ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። እዚህ ሌላው ወገን ሐዲዱ ነበር፤ እሱም አልከሰሰ።

ባለ ቬስፓው መጀመሪያ ያለው ነገር የሚያስመሰግነው ነው። «አንተን ብቻ ይማርህ፤ እሷን ተወው፣ ብረት ነው» አለ። ከዚያ በስልኩ መብራት ጎኗን ሲያይ አመሸ። ሰባሪው በማግስቱ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ቢያቀርብለት «እኔ ገንዘብ ፈልጌ ነው?» ብሎ ፖስታውን መለሰበት። ሰባሪውም፣ ልንገርዎ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ እፎይታ ነበር፤ ሁለተኛ አልለመነም። ለአንድ ጉርሻ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያለ ደጋግሞ የሚማፀን ሕዝብ፣ ለስድስት መቶ ዩሮ ሲሆን አንድ ጊዜ ብሎ ዝም ይላል!

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቀዘቀዘ። ባለ ቬስፓው ሰላምታ አልከለከለም፤ ጨዋ ነው። ግን በርበሬውን ከጋራው ቁም ሳጥን አውጥቶ መኝታ ክፍሉ ቆለፈበት። እናቱ የላከችለት በርበሬ ነበር፤ የአምስታችንም ወጥ በሱ ነበር የሚቀላው። አልጫ በላን። ሰባሪው «ራሱ ተወው አላለም? ምን አድርግ ነው የሚለኝ?» ይላል። ባለ ቬስፓው ለብቻው ሲሆን «ሰው እኮ ተወው ሲሉት አይተውም!» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተርሚኒ ጣቢያ አካባቢ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን ሮም ብዙ ዘመን የኖሩ አዛውንት ናቸው። እሳቸው ዘንድ ማንኛውም ጉዳይ፣ የዕቁብም ይሁን የክርስትና፣ ዞሮ ዞሮ አክሱም ሐውልት ላይ ይደርሳል። አሁንም ደረሰ። «ልጄ» አሉት ባለ ቬስፓውን፣ «ጣልያን ሐውልታችንን ሳያስፈቅድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1937 ፖርታ ካፔና ላይ አቆመው። በ1947 የሰላም ውል በ18 ወር የዘረፍኩትን እመልሳለሁ ብሎ ፈረመ። በ2002 መብረቅ መታው። የተመለሰው በ2005፣ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ በአውሮፕላን ነው። እኛ ይህን ሁሉ ስንታገሥ አንተ ለአንድ ቬስፓ በርበሬ ትቆልፋለህ?» ባለ ቬስፓው አንገቱን ደፋ። ሰባሪው ፈገግ ሲል አዩት። «አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል! ጣልያን እንኳ በስንት ጭቅጭቅም ቢሆን የማጓጓዣውንም መልሶ የማቆሚያውንም ከፍሏል!» ፈገግታው ጠፋ። እኔ ሐውልቱ ለሁለቱም ወገን ጠበቃ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ነው ያየሁት።

ነገሩን የጨረሱት ግን ሁለተኛዋ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ የሚጠብቋቸው አሮጊት መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት ስለደረሰ ታሪክ የሚሰሙበት ጊዜ አልነበራቸውም። «ስንት ነው?» አሉ። ባለ ቬስፓው «ኧረ እትዬ፣ እኔ ስለ ገንዘብ...» ሲል «አንተን ማን ጠየቀህ፣ ውጣና ሲጋራህን አጭስ» አሉት። ሲጋራ አያጨስም፤ ወጣ።

መካኒኩ ጋ የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ጎኗን ቀጥቅጦ በስቱኮ መሙላት ርካሽ ነው፣ አዲስ መግጠም ውድ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ከአሮጌው ጋር እንዲገጥም ሲባል የጋሻውን ጠርዝ ብቻ ሳይሆን ጋሻውን በሙሉ መቀባት ግድ ይላል። ዋጋውን ለእትዬ ነገርኩ፤ ፈረዱ። ሰባሪው በየወሩ ለመካኒኩ በቀጥታ ይከፍላል። ባለ ቬስፓው ሂሳቡን አያይም፣ አይሰማም፣ እጁም ገንዘብ አይነካም፤ ስለዚህ እምቢ የሚለው ነገር የለውም። ለክብሩ ደግሞ ስፖኪዮውን ራሱ እንዲገዛ ፈቀዱለት። በዚህ ላይ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ፣ አሸነፈም፣ ደስ ብሎት ዋለ። በርበሬው እሑድ ጠዋት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተገኘ። ማን እንዳስቀመጠው የጠየቀ የለም።

ይህን ሁሉ የምተርክልዎ ለምን ይመስልዎታል? አክስቴ በስልክ ነግራኛለች። የጎረቤትዎ ልጅ ሞተርዎን ተውሶ ጢስ አባይ ሲሄድ መንገድ ላይ ጥሎታል አሉ። ፋኖሱም ፓራፋንጎውም ተሰብሯል አሉ። እርስዎም «ተወው ልጄ፣ ብረት ነው» ብለው አሰናብተውት፣ ከዚያ ወዲህ የእነሱን በር ላለማየት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በሐይቁ ዳር ዞረው ነው አሉ። በዚህ ጉልበት?

ሽማግሌ ነኝና ይታገሡኝ። አክስቴ ዛሬውኑ መካኒኩን ታነጋግረው፤ የልጁም አባት ሂሳቡን እዚያው ጋራዥ ይክፈል። እርስዎ ዋጋ ሲጠራ ውጡ። ፋኖሱን ግን «እኔ ነኝ የምገዛ» ብለው ይከራከሩ፤ አባትየውን አስጠንቅቄዋለሁ፣ ትንሽ አንገራግሮ ይሸነፍልዎታል።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ፤ ሮም።