በር የሚዘጋ ክፍል

እናቴ ስለ ሕመሜ የምታውቀው ልጇ ሌሊት እንደማይተኛ ብቻ ነበር። እኔም ከእሷ ብዙ የተሻለ አላውቅም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ሰፈርተኛው በእግሩም በአይሱዙም ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ ወጣ፤ እኛም ወጣን። ስንመለስ ቤታችን ቆሞ ጠበቀን፣ ሽንኩርታችን ግን ማሳው ላይ በስብሷል። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ገባ። ማሾው ተዘራ፣ ማሽላው ተጠበቀ፣ እኔም ያቋረጥኩትን ትምህርት ጨርሼ ተመረቅሁ። ብቻ የብረት በር በኃይል ሲዘጋ ወይም የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሌሊቱን ኮርኒሱ ላይ አፍጥጬ አነጋዋለሁ።

እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳ አስጠመቀችኝ። በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ ደግሞ ወዳጃ በተያዘ ቁጥር ስሜን አስጠርተው ዱዓ ያስደርጉልኛል። አካባቢያችን ይፋት እንዲህ ነው፤ የአንዱ ልጅ ሲታመም በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ይለመንለታል። ሁለቱንም ዛሬም አልተውኩም፣ የሚያስተወኝም ምክንያት የለም። ጸበል ቦታው ባደርኩባቸው ሌሊቶች ጥቂት እተኛ ነበር፤ ቤቴ ስመለስ ግን ያው ነው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አብሮ አደጌ ምሽት ላይ አናግሮኝ፣ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የንግግር ሕክምና እንዳለ ነገረኝና ሪፈር አጻፈልኝ። ሪፈሩ ደጋ ላይ ወዳለ ሆስፒታል ነው።

የማያውቅ ሰው «ሄደህ መታከም ነው እንግዲህ» ይላል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወበቃማ ቆላ ናት። ከዚያ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ሰንጥቆ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለው ብርድ መውጣት ነው። ሌሊት ለባነነ ሰው ይህ ቀላል መንገድ አይደለም። ዋሻው ውስጥ ስንገባ የሚኒባሱ ድምፅ ተባዝቶ ጆሮዬ ላይ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ የፊቴን ወንበር ጨበጥኩ። ረዳቱ «ምን ሆነሃል ወንድሜ?» አለኝ። «ሆዴን» አልኩት። ሆድ የማያሳፍር ሕመም ነው።

ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ነበር። ተራዬ ደርሶ ወረቀቴን በመስኮቱ ሳቀብል፣ ከውስጥ ያለው ሰው አነበበና «የአእምሮ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ከዞሩት መካከል አንዱ አባቴ ሽንኩርት የሚያስረክባቸው የሮቢት ነጋዴ ናቸው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወዲያው ፊታቸውን ሲመልሱ፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቆላ እንደሚወርድ ገባኝ። ልወጣ ነበር። ያስቀረኝ የደርሶ መልሱ ትራንስፖርት ብር ነው፤ እናቴ ዶሮ ሽጣ የሰጠችኝ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ የተቀመጠችበት ክፍል ለሁለት የተከፈለው በመጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ማዶ ሌላ በሽተኛ ይታከማል፤ በዚህኛው በኩል እኔ ስለ ኅዳር ላወራ ነው። አፌን ስከፍት አንዲት ሲስተር ፋይል ልትወስድ ገባች። ዝም አልኩ። እንደገና ስጀምር ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ አቋረጠች። ባለሙያዋ ይህን ሁሉ ዓይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ና፣ ውጭ እንቀመጥ» አለችኝ። ከግቢው ጥግ ባሕር ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረ። ብርዱ ይጋረፋል፤ የቆላ ሸሚዜን አይታ ጋቢዋን አለበሰችኝ።

እዚያ ነው የጀመርነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንዴት እንደ ሰነበትኩ የሚጠይቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች አነበበችልኝ፦ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ መኖር አስጠልቶኝ ያውቅ እንደሆነ። የመጨረሻውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። አልደነገጠችም፣ አልመከረችኝም፣ «አይዞህ» ብላም አላቋረጠችኝም። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ድንጋጤው ሲነሳ እግሬን መሬት ላይ አስረግጬ አተነፋፈሴን ማዘግየትን፣ በዙሪያዬ የማያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ መጥራትን አለማመደችኝ። የፈራሁትን ድምፅ ሁሉ ስሸሽ ፍርሃቱን እየቀለብኩት እንደሆነም አስረዳችኝ።

ስለ ወንበሩ ይቅርታ ስትጠይቀኝ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ላይ ክፍል ቢያጣ አሮጊቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ጭንቀት ያለበት ሁሉ እየመጣ ያዋያቸዋል። ውጤቱ በጥናት ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሌሎቹ በእጅጉ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። እኔ በልቤ እትዬን አሰብኩ።

ሮቢት ስገባ መሽቷል። ቤታችን በሰው ተሞልቷል፤ ቡና ተፈልቷል፣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ወሬው በእርግጥም ቀድሞኝ ወርዷል፤ በመንገድ ላይ እያደገ መጥቶ «በሰንሰለት ታስሯል» እስከ መባል ደርሷል። አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። እትዬ ብቻ ተነስተው ጉንጬን ሳሙኝና «ምን አሉህ የኔ ልጅ?» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። ስለ እንቅልፌና ስለ ፍርሃቴ፣ ተጠይቄ ስለመለስኩትም ተናገርኩ። እትዬ ዝም ብለው ቆዩና «እኔስ አጣዬ ከተቃጠለች ወዲህ መች ተኛሁ» አሉ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል እህታቸው እዚያ ነበሩ። ከዚያ አንድ አይሱዙ ነጂ ተናገረ፤ ቀጥሎ አባቴ። አባቴ ሌሊት ሌሊት ማሳ የሚያድረው ውኃ ሊያጠጣ ይመስለኝ ነበር።

ያን ምሽት ያን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ በቡታጅራ የተካሄደ አንድ ጥናት ሳነብ አላስደነቀኝም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. ቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ሲያስጠይቁ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካገኙባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ይፋት ቢጠየቅስ? ከባዱ ይቅርና፣ እንደኔ ሥራ ውሎ ሌሊት ሳይተኛ የሚነጋበትን ማን ቆጥሮት ያውቃል?

በቀጠሮዬ ቀን መንገድ ተዘጋ። ባለሙያዋ በስልክ እንቀጥል አለችኝ። ቤታችን ውስጥ ለብቻ የሚወራበት ቦታ የለም፤ ወደ ሮቢ ወንዝ ዳር ወርጄ ሽንኩርት ማሳ መካከል ቆምኩ። የሞተሩ ፓምፕ ይጮኻል፣ እኔም እጮኻለሁ። በጣም የከበደኝን፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልናገር ስደርስ ኔትወርኩ ጠፋ። የተናገርኩትን ፓምፑን የሚጠብቀው ልጅ ብቻ ሰማ። መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ምንም አላለም። በማግስቱ መስመሩ ሲመለስ እንደ አዲስ ጀመርኩት። አሁን ሳልተኛ የማነጋቸው ሌሊቶች ጥቂት ናቸው፤ የብረት በር ሲዘጋም እጄን ማረጋጋት እችላለሁ።

ለወረዳና ለዞን ጤና ኃላፊዎች የምለው አለኝ። ጦርነትና ቃጠሎ ያየ ሕዝብ እንዲናገር ደጋ መውጣት የለበትም። ለሸዋ ሮቢት፣ ለካራ ቆሬና ለአጣዬ ጤና ጣቢያዎች የምንጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም፦ በር የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ ማዳመጥ የሠለጠነ አንድ ሰው፣ በሰልፍ ፊት ጮክ ተብሎ የማይነበብ ካርድ። ክፍሉ እስኪሠራ ደግሞ እንደ እትዬ ያሉ እናቶች በየሰፈሩ አሉ፤ አሠልጥኗቸው። እንቅልፍ ያጣህ ወንድሜ፣ የጨነቀሽ እህቴ፣ ክፍሉን አትጠብቁ፤ ጸበላችሁንም ዱዓችሁንም ሳትተዉ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂዱና ሆዴን ሳይሆን ጭንቀቴን በሉ።