ጭነት ይቅደም

ከሲያትል ሎስ አንጀለስ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ በባቡር፣ በፕሮግራሙ መሠረት፣ 35 ሰዓት ግድም ነው። ይህቺን ሒሳብ የሰማ ሐበሻ ሁሉ ሳይማር ተራቢ ይሆናል። «ለሠርጉ አትደርስም፤ ለመጀመሪያ ልጃቸው ክርስትና ግን ትደርሳለህ» ይላል አንዱ። «ተላጭተህ ተሳፈር፤ ስትወርድ ደብረ ሊባኖስ የከረምክ ነው የምትመስለው» ይላል ሌላው። ሦስተኛው «ስትደርስ ደውል» አይልም፤ «ስትደርስ እኔ ካልኖርኩ ልጆቼን ጠይቅልኝ» ነው የሚለው።

ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ትኬቴንም ቆርጫለሁ። አሁን ተራው የኔ ነው።

ሦስት ሰዓት የምትሉት አየር ላይ ያለውን ነው። መሬት ላይ የምታጠፉትን ማን ይቁጠርላችሁ? ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ኤርፖርት ትሰለፋላችሁ። ቀበቷችሁን ያስፈቷችሁና «እጅ ወደ ላይ!» ይሏችኋል፤ ሱሪውን ማን እንደሚይዘው ግን የሚነግራችሁ የለም። እኔ ሲያትል ኪንግ ስትሪት ጣቢያ የገባሁት ሱሪዬን ታጥቄ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1906 የተከፈተ ነው፤ የሰዓት ማማውን ቬኒስ ካለው የቅዱስ ማርቆስ ደወል ቤት አይተው ነው ያቆሙት። ኮስት ስታርላይት የሚባለው ባቡር ከዚያ የሚነሳው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ቀበቶዬን የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ሻንጣስ?» አላችሁ? ይቺን ነበር የምጠብቀው። ባቡሩ ሁለት ሻንጣ በነፃ ይጭንላችኋል፤ ሁለት ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ ትገባላችሁ። እያንዳንዱ እስከ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ። ደምሩት፤ 92 ኪሎ! ኤርፖርት ወለል ላይ ሻንጣ ዘርግተህ ሽሮውን ካንዱ ወደ ሌላው የምታገላብጥ፣ ሦስት ጃኬት ደራርበህ በላብ የምትታጠብ ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ቁጥር ቀስ ብለህ አንብበው። አክስቴ ስትሰማው ከተቀመጠችበት ተነሳች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይከመር ጀመር። «ኧረ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ከተማው ራሱ በ2002 ‹ሊትል ኢትዮጵያ› ብሎ የሰየመው ሰፈር አለ፤ በርበሬ እንደ ልብ ነው» ብላት፣ «እሱ የሰፈሩ ነው፤ ይሄ የኔ ነው» ብላ ሌላ ከረጢት አሰረች።

መዘግየቱን አልክድም። ፈረንጆቹ ራሳቸው ስታርላይትን፣ «ዘገየ» ለማለት፣ «ስታርሌት» ይሉታል፤ በዚህ በኩል የኛ ተረብ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ግን ማን እንደሚያዘገየው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የመንገደኛ ባቡር ኩባንያው አምትራክ ከ1971 ጀምሮ ባቡሩን ይነዳል እንጂ እዚህ መስመር ላይ ሐዲዱ የሱ አይደለም። ከሲያትል እስከ ፖርትላንድ አብዛኛው የቢኤንኤስኤፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የዩኒየን ፓስፊክ። ሁለቱም እንጀራቸው ጭነት ነው። ሕጉ ከ1973 ጀምሮ መንገደኛ ይቅደም ይላል። ይበላ! የጭነት ባቡር ሕግ አያነብም። አንዳንዱ ከመተላለፊያው ሐዲድ ስለሚረዝም፣ ገሸሽ ልበል ቢል እንኳ ጭራው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ገሸሽ የሚለው አጭሩ ነው፤ አጭሩ ደግሞ ሰው የጫነው ነው። ገና ገዢ ያላገኘ ሶፋ ትኬት የቆረጠን ሰው አስቁሞ ያልፋል። መንግሥት «ይህን ሕግ ጥሳችኋል» ብሎ የጭነት ባቡር ኩባንያ የከሰሰው በ1979 አንዴ፣ በ2024 ሌላ አንዴ ነው። በመካከሉ 45 ዓመት። ባቡሩ ዘገየ ትላላችሁ፤ ክሱን አያችሁ?

«ኢትዮጵያ ትቅደም» እየተባለ ተሰልፎ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እዚህ መፈክሩን ሳይጽፉ፣ ሰልፍም ሳይወጡ «ጭነት ይቅደም»ን ሥራ ላይ አውለውታል። ደግሞ መንገዱ 2,216 ኪሎ ሜትር ነው፤ የድሮው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በድሬዳዋ ባቡር ያደገ ሰው ባቡር ሲቆም አይደነግጥም። የሚደነግጠው ሲሄድ ነው።

የመኝታ ክፍሏን በተመለከተ ግን ለተራቢዎች እጄን እሰጣለሁ። ሩሜት ትባላለች፤ ወርዷ አንድ ሜትር አካባቢ፣ ቁመቷ ሁለት። ለሁለት ሰው ናት። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። እርግጥ ምግቡ ከትኬቱ ጋር የተከፈለ ነው፣ ፉርጎው ውስጥም የጋራ ሻወር አለ። እኔ የያዝኩት ተራውን ወንበር ነው፤ እግሬን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ የፊቴን ሰው ወንበር አልነካሁም። ጉልበቱን አገጩ ሥር ታቅፎ የሚበር ሰው ስለ አቀማመጥ ሊመክረኝ አይችልም።

ሎስ አንጀለስ ሆኖ የሚጠብቀኝ አብሮ አደጌ ጎንደሬ ነው፤ ምላሱ ያልተሞረደበት ቀን የለም። ማለዳ ሳክራሜንቶ ስንደርስ ደወለ።

«ሻስታ ተራራን አየኸው?»

ሻስታ 4,322 ሜትር የሚረዝም፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ነው፤ ቱሪስት የሚጎርፍለት። ወደ ደቡብ የሚሄደው ባቡር ግን የሚያልፈው በውድቅት ሌሊት ነው።

«ተኝቼ ነበር።»

«የከፈልክበትን ተራራ ተኝተህ አለፍከው!»

«ከራስ ዳሸን ለሚያንስ ተራራ እንቅልፌን አልሰዋም።»

ጎንደሬ ነውና መልስ አጣ። ስልኩን ዘጋው።

እስከ ቀትር ድረስ ያለውን መንገድ አላሞግሰውም። ባቡር የከተማን ጓሮ ነው የሚያሳየው፤ የዛገ መኪና፣ የተጣለ ፍራሽ፣ ግድግዳ ሙሉ የቀለም ጽሕፈት። ሳን ፍራንሲስኮማ ጭራሽ አይገባም፤ እሷን የፈለገ ባሕረ ሰላጤው ማዶ ወርዶ በአውቶቡስ ይሻገራል። ሳሊናስ ስንደርስ ጎንደሬው ተረቡን ስሎ ተመለሰ።

«የት ደረስክ?»

«ሳሊናስ።»

«ሰላጣ የሚበቅልበት? በቃ እዚያው ጠብቅ፤ ሰላጣው ሲደርስ አብራችሁ ትደርሳላችሁ።»

«ሰላጣውስ በጥቂት ወር ይደርሳል። አንተ ነህ ሃያ ዓመት ሎስ አንጀለስ ፀሐይ ላይ ተሰጥተህ ያልበሰልከው።»

«ፀሐይ አታንሳ! እናንተ ሲያትሎች ፀሐይ ብቅ ስትል እሳት ተነሳ ብላችሁ 911 ትደውላላችሁ።»

«እናንተ ደግሞ ሲያካፋ መኪና መንዳት ትረሳላችሁ።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ግን ድምፄን ሰምተው አብረውኝ ሳቁ። ይሄም አንድ ነገር ነው። አውሮፕላን ላይ ጆሮውን ደፍኖ፣ ዓይኑን ሸፍኖ እንደ ሬሳ የሚጓዘው ፈረንጅ፣ ባቡር ላይ ነፍስ ይዘራል። መስኮቱ እስከ ጣሪያ የሚደርስ የመመልከቻ ፉርጎ አለ፤ እዚያ የገባ ሰው የማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ታሪኩን ካልነገረ ትኬቱ የሚቃጠልበት ይመስለዋል። ሽማግሌው የቀኝ ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና እንዴት እንደነበር ከሳሊናስ ጀምረው አጫወቱኝ። የግራውን ለሚቀጥለው ጣቢያ አሳደሩት። ድርቆሼን ፈትቼ ጋበዝኳቸው፤ ቀመሱ፣ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ፣ ስለ ጉልበታቸው ማውራት አቆሙ። የአክስቴ በርበሬ ምን እንደሚሠራ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በላይ ያለውን የኩዌስታ ቁልቁለት ሲወርድ ባቡሩ እጥፍ ብሎ ይዞራል፤ ኋለኛው ፉርጎ ላይ ያለ ሰው የራሱን ባቡር ፊት በመስኮት ያያል። «እነዚያማ ደርሰዋል» ብሎ የሚቀና ሰው አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ነው ባሕሩ የሚመጣው፤ እና እዚህ ላይ ተረቤን ለጊዜው አስቀምጣለሁ። በስተቀኝ ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው፣ ከሐዲዱ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ነጭ አረፋ። የመኪናው አውራ ጎዳና እዚህ ወደ መሬቱ ውስጥ ይገባል፤ የጦር ሠፈርና የግል የከብት ርባታ መሬት ዳርቻውን ስለያዘው አብዛኛውን የሚያየው ባቡር የያዘ ብቻ ነው። ውድ መኪና ያለውም፣ ከላይ የሚበረውም አያገኘው። ደቡብ ስትወርዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

የጦር ሠፈሩ ቫንደንበርግ ነው፤ ሮኬት የሚተኮስበት። ባቡራችን በማስወንጨፊያዎቹ አጠገብ እያዘገመ አለፈ። «የቸኮለ እዚህ ይውረድ» የሚል ማስታወቂያ አለመለጠፋቸው ገረመኝ።

ዩኒየን ስቴሽን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ገባን። በሰዓቱ! ይህን የማያምነኝ ሰው እንደሚበዛ ስለማውቅ አልከራከርም። ጣቢያው በ1939 የተከፈተ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ቤተ መንግሥት የሚያህል ነው፤ ያን ሁሉ ለባቡር ሠርተው ሲጨርሱ ሰዉ መኪና ገዝቶ ሄደ። ሻንጣዎቼ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ።

«የት ደረስክ?» አልኩት በተራዬ።

«101 አውራ ጎዳና ላይ ነኝ። መንገዱ ተዘጋግቷል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ምነው? ጭነት እያሳለፍክ ነው?»

«የለም» አለኝ፣ «ጭነት ልረከብ እየመጣሁ ነው።»